ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ፦ ባለመሬቱ ማን ነው?

‹‹ወግ አጥባቂ›› የሚለው ቃል በእኛ አገር የፖለቲካ ንግግር ውስጥ ስድብ ነው። በካናዳ ግን የፓርቲ ስም ነው። ሰው ሳያፍር አባል የሚሆንበት፣ አገር የመራ፣ በምርጫ ተሸንፎ በተቃዋሚ ወንበር የተቀመጠ፣ ነገም ተመልሶ ሊመራ የሚችል ፓርቲ። እኛ ዘንድ ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ቤተ መንግሥት የገባ ሁሉ ራሱን የጠራው አብዮታዊ፣ ተራማጅ፣ ልማታዊ ወይም የለውጥ ኃይል እያለ ነው። ‹‹ያለውን ልጠብቅ›› ብሎ ሥልጣን የጠየቀ ወገን አላየንም።

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ወግ አጥባቂ ነው፤ አንባቢ አስቀድሞ ይወቀው። ቃሉን የምጠቀምበት ግን በጠባብ ትርጉም ነው። ሕግ ትምህርት ቤት ከገባን በመጀመሪያው ዓመት ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የማስረዳት ሸክም የሚባለው ነው፤ የሚከስ ወገን ያስረዳ። በእኔ አስተሳሰብ ነባር ይዞታን፣ ነባር ዳኝነትን፣ ነባር አኗኗርን ለማፍረስ የተነሳ መንግሥት ከሳሽ ነው፤ ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። ነባሩ ሁሉ ቅዱስ ነው አልልም። በአፋር አብሱማ የሚባለው የአጎት የአክስት ልጅ ጋብቻ ልጃገረዷን ሳይጠይቅ ሲፈጸም ወግ ነውና ይጠበቅ የሚል ክርክር ከእኔ አይሰማም። መሬትንና ውሃን በተመለከተ ግን ነባሩን የሚያፈርሰው ወገን ሸክሙን ተሸክሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። ይህን ለማየት ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ካለው መንገድ የተሻለ የመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ነው። የፈረንሳዩ ባቡር ከጂቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ከበቀሉት ከተሞች አንዱ ነው፤ ቡፌ ደ አዋሽን የማያስታውስ የድሮ የድሬዳዋ መንገደኛ ጥቂት ነው። ሰመራ ደግሞ የፌዴራሊዝም ልጅ ነች። የአፋር ክልል ዋና ከተማ አሳይታ ነበረች፤ አሳይታ ከዋናው የጂቡቲና የአሰብ መንገድ ገባ ያለች ስለሆነች ከሎግያ አጠገብ፣ መንገዱ ዳር፣ ምንም ባልነበረበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ዛሬ የክልሉ ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲውና በሱልጣን አሊሚራህ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በዚህ ሸለቆ፣ በአስፋልቱ ወይም በአዲሱ የባቡር ሐዲድ ያልፋል። ከባድ መኪናው ሌሊትና ቀን አይቋረጥም።

ከመንገዱ ጎን ለጎን ደግሞ ወንዙ አለ። ‹‹ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል›› እንላለን፤ አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ከግብፅ ጋር የሚያጣላን አይደለም። ድርድር አያስፈልገውም። ምናልባትም በዚህ የተነሳ ከወንዞቻችን ሁሉ ቀድሞ የተገደበው፣ የተጠለፈው፣ በአዋጅና በደንብ የተከፋፈለው እሱ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያልቅ ከበታቹ ያለው ሜዳ ሁሉ በካርታ ላይ ‹‹የሚለማ መሬት›› ሆነ።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ ደኖችና የግጦሽ መሬቶች ሁሉ፣ ወራጅ ውሃና ሐይቅ ሁሉ የመንግሥት ሀብት ነው ይላል። ‹‹የግጦሽ መሬቶች›› የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በአንድ መስመር የአፋር፣ የከረዩ፣ የቦረና፣ የሶማሌ አርብቶ አደር አገር በሙሉ ባለቤት የሌለው ሆነ። በአፋር እያንዳንዱ ጎሳ የሚያውቀው መሬት አለው፤ የክረምት ግጦሹ የት እንደሆነ፣ ለበጋ ክፉ ቀን ተከልክሎ የሚቆየው ደሶ የት እንደሚጀምር፣ የሌላ ጎሳ ከብት በምን ፈቃድ እንደሚያልፍ ሽማግሌው በቃሉ ያውቃል። የሚጣሰውን መድአ የሚባለው ልማዳዊ ሕግ ይዳኘዋል፤ ቅጣቱን የእኩዮች ማኅበር የሆነው ፊዕማ ያስፈጽመዋል። ይህ ሁሉ ግን በወረቀት ላይ ስም አይደለም። ስለዚህ በአንቀጽ 130 ዓይን የለም።

የሚገርመው፣ በዚያው መንግሥት ዘመን የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን በሌላ መንገድ አይቶት ነበር። ከቁጥር 1489 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች መንደር ወይም ጎሳ የመሬት ባለሀብት ሊሆን እንደሚችል፣ መሬቱንም በልማዱ መሠረት በኅብረት ሊገለገልበት እንደሚችል ይደነግጋሉ። ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ቁጥሮች በችኮላ አልፈናቸዋል። አንድ የሕግ አማካሪ በዚያ ዘመን እነዚያን ድንጋጌዎች ይዞ ለአፋር ጎሳዎች ፍርድ ቤት ቢቆም ኖሮ የሸለቆው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ማንም አልቆመም።

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በውሃውና በመሬቱ ላይ የሚያዝ፣ ለኮንሴሽን የሚሰጥ፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነ መሥሪያ ቤት። ከዚያ በፊት በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤችቪኤ ወንጂ ላይ ስኳር ጀምሮ ነበር፤ በኋላ መተሐራ ተከተለ፤ የከረዩ ከብት ከወንዙ ራቀ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዋሽ ሰባት ጥግ ጀምሮ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሌላ ግጦሽ ዘጋ። በታችኛው አዋሽ ደግሞ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1961 የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን አቆመ። ምርቱ ጥጥ ነው።

የተወሰደው መሬት ከክልሉ ስፋት አንጻር ጥቂት ነው የሚል ክርክር ያኔም ነበር፤ ዛሬም አለ። ክርክሩ ሒሳብን እንጂ ከብትን አያውቅም። አርብቶ አደር ዓመቱን ሙሉ ወንዝ ዳር አይኖርም፤ ዘጠኝ ወር ሌላ ቦታ ይከርማል፤ ነገር ግን በበጋው ጫፍ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ወንዙ የሚያጥለቀልቀው ያ ጠባብ ሜዳ ከሌለ የቀረው ሰፊ መሬት ዋጋ የለውም። ከአንድ ሕንፃ ላይ ደረጃውን ብቻ ወስጄ ‹‹ክፍሎቹን አልነካሁም›› እንደ ማለት ነው። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ሲቀር የአፋር ከብት የሚሸሽበት ቦታ ላይ ጥጥ ተዘርቶ ነበር። የወሎ ረሃብ ብለን በምናስታውሰው እልቂት ውስጥ የአፋር ድርሻ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀር ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽታም አለ፤ ለእኔ ክርክር ጠቃሚው እሱ ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሳ ሱልጣን የነበሩት አሊሚራህ ሐንፈሬ ጥጡን አልተቃወሙም። ራሳቸው ዘሩት። እሳቸውና ተከታዮቻቸው በአውሳ ሰፋፊ የጥጥ እርሻ በትራክተር እያረሱ ከኩባንያው ጎን ለጎን አምርተዋል። ፊውዳል ነበሩ፣ መሬቱም በእጃቸው በዛ የሚል ትችት አለ፤ ትችቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ‹‹አፋር ዘላን ነው፣ እርሻ አያውቅም፣ ስለዚህ እኛ እናልማለት›› ለሚለው የአዲስ አበባ ወግ ከዚህ የተሻለ ማስተባበያ ማቅረብ አይቻልም። ትርፍ እንዳለ ያየ ባለመሬት ማንም ሳይሰብከው አረሰ። ልማት በትእዛዝ ሳይሆን በባለቤትነት የመጣበት ጥቂት ዓመት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። ለጭሰኛው ምን እንዳደረገለት ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። ለዘላኖች የተለየ ክፍል ነበረው፤ በልማድ በሚጠቀሙበት መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዲኖራቸው ይናገራል፣ ወዲያውም መንግሥት በእርሻ የማስፈር ኃላፊነት እንዳለበት ያክላል። አንድ እጅ ሰጥቶ ሌላው እጅ የሚወስድ አጻጻፍ ነው። በአውሳ አዋጁ የተተረጎመው በጦር ነው። ሱልጣኑ በዚያው ዓመት በጂቡቲ በኩል ተሰደዱ፤ የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ያረፉት በሚያዝያ 2003 ዓ.ም.። የኩባንያውም የሱልጣኑም እርሻ የመንግሥት እርሻ ሆነ። አሚባራ፣ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር፣ ተንዳሆ በመንግሥት እርሻነት ሰፉ።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ሐውልት አለ፤ ከገዋኔ እስከ ሚሌ በመኪና የሄደ ሁሉ ያየዋል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። ለጥላና በረሃን ለመግታት ተብሎ በመስኖ እርሻዎቹ ዙሪያ ተተከለ። የከብቱ ሆድ ዘሩን ተሸክሞ አዳረሰው፤ የቅርብ ዓመታት ጥናቶች በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መውረሩን ያሳያሉ። ሣሩን ያጠፋል፣ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። አፋሮች ‹‹ደርጊ ሐራ›› ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ‹‹የወያኔ ዛፍ›› የሚሉት አሉ። ስለ ማዕከላዊ ዕቅድ የተጻፉ ስንት ጥራዞች አንብቤያለሁ፤ በዚህ የዛፍ ስም ልክ የተነገረ ግን አልገጠመኝም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፣ መሥሪያ ቤቱም ፈርሷል፣ ዛፉ ግን አለ።

በ1983 ዓ.ም. ከተደረገው ለውጥ በኋላ ከመንግሥት እርሻዎቹ የተወሰነው ለጎሳዎች ተመለሰ፤ ጎሳዎቹም ከደጋ ለመጡ ባለሀብቶች በእኩል ወይም በኪራይ ሰጡት። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወጣ። እዚህ ላይ የሕግ ሰው ሆኜ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይልና ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል። አንቀጽ 52 መሬት ማስተዳደርን ለክልሎች ይሰጣል፤ ግን የፌዴራል መንግሥቱ በሚያወጣው ሕግ መሠረት። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ደግሞ ከአንድ ክልል በላይ የሚያልፍ ወንዝ አጠቃቀምን የሚወስነውና የሚያስተዳድረው የፌዴራል መንግሥት ነው ይላል።

አራቱን አንድ ላይ ያንብቧቸው። በአፋር ውሃ የሌለው መሬት ከብት አያቆይም፤ አዋሽ ደግሞ ከኦሮሚያ ይመጣል። ስለዚህ መሬቱን ሰመራ ‹‹ታስተዳድራለች››፣ ውሃውን አዲስ አበባ ይዞታል። ቁልፉን የያዘው ወገን የቤቱ አዛዥ ነው። ያለመፈናቀል መብቱስ? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት የመሬት ባለቤት እንደመሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊቀይር ይችላል ይል ነበር። ሕገ መንግሥቱ አትፈናቀልም ያለውን ሰው፣ አዋጁ ‹‹እንደ አስፈላጊነቱ›› አለው። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ የካሳ ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ታድሶ ለወል ይዞታ ተነሺዎች የሚከፈለውን ካሳ በግልጽ ይጠቅሳል። መሻሻል ነው። ተንዳሆ የተወሰደው ግን በቀድሞዎቹ ሕጎች ዘመን ነው።

በዚያው ሰሞን ክልሎች ሰፋፊ የእርሻ መሬት የመስጠት ሥልጣናቸውን በውክልና ወደ ፌዴራል መንግሥት ‹‹አስተላልፈው›› እንደነበርም እናስታውስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 ውክልናን የሚያውቀው ከላይ ወደ ታች ነው። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ውክልና የት እንደተጻፈ ያሳየኝ የሕግ ባለሙያ እስካሁን የለም።

ተንዳሆ ላይ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ተሠራ። ዕቅዱ 60 ሺህ ሄክታር ነበር፤ 50 ሺው ለሸንኮራ አገዳ፣ 10 ሺው ለአርብቶ አደሩ። ለተንዳሆ፣ ለፊንጫና ለወንጂ ከህንድ 640 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተወሰደ። ፋብሪካው ከመድረሱ በፊት አገዳው ደርሶ ተበላሸ። በ2007 ዓ.ም. የሙከራ ምርት ተጀመረ፤ ጥቂት ዓመት ሳይዘልቅ ቆመ። በኋላ በአገዳው መሬት ላይ የበጋ ስንዴ ተዘራ። በመካከለኛው አዋሽ የተገነባው የከሰም ስኳር ፋብሪካም ከታሰበለት 20 ሺህ ሄክታር ሩቅ ነው። ብድሩ ግን ይከፈላል፤ ያልተሳካ ፋብሪካ ዕዳ ከተሳካው ዕዳ አያንስም።

ልብ በሉ፤ ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት፣ ሶሻሊስቱ ደርግ እና ፌዴራላዊው ኢሕአዴግ በርዕዮተ ዓለም እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። በአዋሽ ሸለቆ ግን ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ሦስቱም ካርታ ዘረጉ፣ ሦስቱም ሜዳውን ባዶ አሉት። ‹‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ›› ይባላል፤ እዚህ ግን አጥሩ በሕግ ስለማይታይ ባለቤቱን መናቅ እንኳ አላስፈለገም።

አሁን ካናዳ ለምን እንደመጣ ልናገር። ካልጋሪ ከተማ የሚኖር የድሮ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ በምርጫ ሰሞን ከደወለ ስለ ነዳጅ ቧንቧና ስለ ኦታዋ እያማረረ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ‹‹ኦታዋ›› ያለበትን ‹‹አዲስ አበባ›› ብላችሁ ብትቀይሩት ሰመራ ሻይ ቤት የሰማሁት ወሬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 በተደረገው ምርጫ ሊበራሎች በማርክ ካርኒ መሪነት ሲያሸንፉ አልበርታ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወግ አጥባቂዎችን መረጠች። ምክንያቱ ከጥንት ይጀምራል። በ1867ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ነባሮቹ የካናዳ ክፍለ ግዛቶች የመሬታቸውና የማዕድናቸው ባለቤት ናቸው። አልበርታና ሳስካችዋን በ1905 ሲቋቋሙ ግን ይህ ተከለከሉ፤ ባቡር መዘርጋትና ሰፋሪ ማምጣት አለብኝ ብሎ መሬቱን ፌዴራሉ ያዘው። ምዕራቦቹ ሃያ አምስት ዓመት ተሟግተው በ1930 አስመለሱ። በ1947 ሌዱክ ላይ ነዳጅ ሲፈልቅ አልበርታ ባለቤት ነበረች።

በ1980 የፒየር ትሩዶ መንግሥት ብሔራዊ የኢነርጂ ፕሮግራም ብሎ ዋጋውንና ገቢውን ከማዕከል ሊቆጣጠር ሲነሳ የአልበርታው መሪ ፒተር ሎሂድ ጠመንጃ አላነሱም፤ እንገንጠልም አላሉም። ባለቤት ናቸውና የሚያመርቱትን ነዳጅ ቀነሱ። ኦታዋ ለድርድር ተቀመጠ። በ1982 ክፍለ ግዛቶች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ያላቸው ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ በተጨማሪ አንቀጽ ጸና፤ ፕሮግራሙም በብራያን መልሮኒ ወግ አጥባቂ መንግሥት ጊዜ ቀረ። ያ ቁጣ በ1987 ሪፎርም ፓርቲን ወለደ፤ መፈክሩ ‹‹ምዕራቡ መግባት ይፈልጋል›› ነበር፤ መውጣት አይደለም። ከ2003ቱ ውህደት በኋላም ከዚያ ወገን የመጡት ስቲቨን ሃርፐር ከ2006 እስከ 2015 አገሪቱን መሩ።

የእኛ ሕገ መንግሥት ለክልሎች እስከ መገንጠል የሚለውን አንቀጽ 39 ሰጥቶ የወንዛቸውን ውሃ ነፈጋቸው። ካናዳ በተቃራኒው መገንጠልን በጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1998 አስተያየትና በ2000 በወጣው ሕግ እጅግ አጥብባ፣ ሀብትን ግን ለባለቤቱ ለቀቀች። የትኛው አገር አንድነቱን ይበልጥ እንደጠበቀ አንባቢ ይፍረድ። ሱልጣን አሊሚራህ ግመሎቻችን እንኳ የኢትዮጵያን ባንዲራ ያውቃሉ ብለዋል ይባላል። የአፋር ጥያቄ የመውጣት ጥያቄ ሆኖ የቆየበት ወቅት ጥቂት ነው፤ የባለቤትነት ጥያቄ ያልሆነበት ወቅት ግን የለም።

ካናዳን ቅድስት አላደርጋትም። አልበርታ በባለቤትነት የተሟገተችበት መሬት ራሱ ከነባር ሕዝቦች በውል ስም የተወሰደ ነው። ግን እዚያም ፍርድ ቤቱ የሄደበትን መንገድ እንይ። በ1973 በካልደር ጉዳይ የነባር ሕዝብ የመሬት መብት በሕግ ሊኖር እንደሚችል ተቀበለ። በ1997 በደልጋሙክ ጉዳይ በቃል የተላለፈ ታሪክ ማስረጃ ይሆናል አለ። በ2014 ደግሞ በከፊል ዘላን የሆኑት የጺልኮቲን ሕዝብ ወደ 1,750 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ላይ ባለመብት መሆናቸውን አወጀ። መንግሥት የተከራከረው መብታቸው ሰፍረው በኖሩባቸው ትንንሽ ቦታዎች ብቻ ይወሰን ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ እየተዘዋወሩ ማደንም መያዝ ነው አለ። ‹‹ዘላን መሬት የለውም›› የሚለው የእኛ አንቀጽ 130 መንፈስ እዚያ በአንድ ፍርድ ሞተ። ይህን ውሳኔ ካናዳ ውስጥ ያሉ ወግ አጥባቂዎች ሁሉ አልወደዱትም፤ በእኔ እምነት ግን ከዚህ የበለጠ ወግ አጥባቂ ፍርድ የለም።

የሚቀርቡብኝን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው፣ የጎሳ መሬት ቢመዘገብ ድንበር ይጫራል ነው። አዳይቱ፣ ኡንዱፎና ገዳማይቱ መንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በአፋርና በኢሳ መካከል ስንት ሰው እንደሞተባቸው የመንገዱ ሾፌሮች ያውቃሉ። በ2007 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች መካከል ስምምነት ተደረገ፤ በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣ፤ ግጭቱም አገረሸ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነው መሬቱ ሳይመዘገብ ነው። ስምምነቱን የፈረሙት ፕሬዚዳንቶች ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ሲቀየር ፈረሰ። ሁለተኛው፣ የጎሳ መሪዎች ኪራዩን ለብቻቸው ይበሉታል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ተበልቷል። መፍትሔው ግን መብላቱን ከሽማግሌው ወደ ካድሬ ማዛወር አይደለም፤ ጎሳው ሕጋዊ ሰውነት ኖሮት፣ ሒሳቡ ኦዲት የሚደረግ፣ አባሉ፣ ሴቷም ጭምር፣ ፍርድ ቤት ሄዳ የምትጠይቀው ማኅበር ማድረግ ነው። ሦስተኛው የብሔራዊ ጥቅም ክርክር ነው። አገር ስኳርም ስንዴም ይፈልጋል፤ አልቃወምም። መሬቱን ተከራይቶ የሚያርስ ዋጋውን ይክፈል።

ነገሩ የታሪክ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ስምንት የስኳር ፋብሪካዎችን ወደ ግል ለማዛወር ጨረታ ሲጋብዝ ተንዳሆና ከሰም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በመርህ እደግፈዋለሁ፤ መንግሥት ስኳር መቀቀል ሥራው አይደለም። ግን በአንድ የመንግሥት ውሳኔ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተወሰደ መሬት በሌላ የመንግሥት ውሳኔ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢውም የሚገዛው ክስ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች፤ መሬት ተሰነጠቀ፣ አስር ሺዎች ከቀያቸው ተነሱ። ቤት የፈረሰበት የአዋሽ ነዋሪ ቢያንስ ስለ ቦታው የሚያሳየው ወረቀት ሊኖረው ይችላል። ከግጦሹ የተነሳው አርብቶ አደር ምን ይዞ ይመለሳል? በሌለበት መሬቱ ላይ ሌላ ቢሰፍርበት ለየትኛው መዝገብ ቤት ይጮኻል?

ስለዚህ ሕግ አውጪውን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ዝርዝር ለብቻው አዋጅ ሆኖ ይውጣ፤ ያለመፈናቀል መብት በምን ሁኔታ ብቻ እንደሚገደብና የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት መሆኑን ይጻፍበት። ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የራሱ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት የጎሳ ይዞታን፣ ከደሶው ጀምሮ፣ የሽማግሌዎችን ቃል እንደ ማስረጃ ተቀብሎ ይመዝግብ። የአዋሽ ውሃ ድልድል ሲወሰን ሰመራ እንደ ታዛቢ ሳይሆን ካልፈረመች ድልድሉ የማይጸናበት ወገን ሆና ትቀመጥ። ሕገ መንግሥት ሳይሻሻል ከሦስቱ ሁለቱ ነገ ሊጀመሩ ይችላሉ። ሦስተኛው የፌዴራል መንግሥቱን ፈቃደኝነት ይጠይቃል። የተንዳሆና የከሰም ዝውውር ፊርማ ላይ ከመድረሱ በፊት ደግሞ በውል ረቂቁ ውስጥ አንድ መስመር እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ከፋብሪካው ዋጋ ውስጥ የመሬቱ ድርሻ ስንት እንደሆነና ለማን እንደሚከፈል የሚገልጽ።